ፊቱን አውጡት እንጂ አታንጡት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ካሜራችሁን አንገታችሁ ላይ እንዳንጠለጠላችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜን የመሰለ የሰርግ ቀን ትታችሁ እዚህ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። የተዋችሁት ገቢ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን ላለማባከን እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ የአዳራሹን መብራት ዝቅ አድርጉልኝ። ስለ ጨለማ ፎቶ ላወራ መጥቼ ስክሪኑ በብርሃን ታጥቦ ምንም ሳታዩ ብትመለሱ መሳቂያ መሆኔ ነው። እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ ይበቃል። አሁን እኔ እናንተን አላይም፤ እንቅልፍ የመጣበት ሰው በነጻነት ያንቀላፋ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ጨልመው የወጡ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር መታደግ» የሚል ነው። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት የትኛው ቁልፍ ሲነካ ፎቶው እንደሚበራ ለመስማት ይመስለኛል። እሱንም አሳያለሁ። ማብራት ግን ከባድ አይደለም። ማንም ልጅ ስልኩ ላይ አንዲት መስመር ወደ ቀኝ ስቦ ፎቶ ያበራል። ከባዱ፣ ከበራ በኋላም ፊቱ የባለቤቱ ሆኖ መቅረቱ ነው። እኔ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ በሦስት ነጥብ። አንደኛ፣ የእኛ ፎቶ ለምን ይጨልማል? ሁለተኛ፣ ከጨለማው ምን ይወጣል፣ ምን አይወጣም? ሦስተኛ፣ እጃችንን የት ላይ እንሰብስብ? ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ከአንደኛው ልጀምር። ካሜራ ሰው አያውቅም። ሙሽራ አያውቅም፣ ቄስ አያውቅም፣ እናት አያውቅም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የሚያውቀው ግራጫን ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይወጣዋል ብሎ ይነሳል፤ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ፣ የድሮ አንሺዎች በካርቶን ይዘውት ይዞሩ የነበረው ግራጫ። ይህ ግምት ለብዙ ቦታ ይሠራል። ለእኛ በዓል ግን አይሠራም።

የገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገቡ ምን ታያላችሁ? ነጭ። ነጠላው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ፣ ቀሚሱ ነጭ፣ የመዘምራኑ ልብስ ነጭ። ካሜራው ይህን ሁሉ ነጭ አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል። ነጠላው ግራጫ ሲሆን በነጠላው መሃል ያለው ጠይም ፊት ምን ይሆናል? ይሰምጣል። ዓይኑ ይጠፋል፣ ከሰውየው የሚቀረው ጥርሱ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የፊቱ አይደለም። ልብ በሉልኝ፣ የፊቱ አይደለም! «ጥቁር ስለሆነ ፎቶ አይወጣለትም» የሚል ባለ ስቱዲዮ ብዙ ሰምቻለሁ። ያልወጣለትስ መለኪያው ነው።

መፍትሔው እዚያው ካሜራው ላይ አለ። ፍሬሙን ነጭ ከሞላው ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩ፤ አለዚያም መለኪያውን አንድ ነጥብ ብቻ እንዲለካ (ስፖት) ቀይሩና ፊቱ ላይ ለኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው የእኔ ሙያ ብዙም አያስፈልገውም። ግን ካሜራውን የያዘው የአጎት ልጅ ከሆነስ? ቤተ መቅደሱ ፍላሽ የማይፈቀድበት ከሆነስ? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያነሳችሁ ታውቁታላችሁ። ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ መስኮት በሚገባ ብርሃን የሠራችሁም ታውቁታላችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ነገሩ የመለኪያ ብቻ አይደለምና። አሜሪካ ውስጥ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ነበረው። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት። የመጀመሪያዋ ሞዴል ሸርሊ የምትባል የኩባንያው ሠራተኛ ስለነበረች ከእሷ በኋላ የመጡትም ሁሉ «ሸርሊ ካርድ» ተብለው ቀሩ። ማሽኑ ተስተካከለ የሚባለው የሸርሊ ፊት ሲያምር ነበር። የጥቁር ሕፃን ፊትስ? እሱ ካርዱ ላይ አልነበረም። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ከጎተጎቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የምርታቸው ቀለም ፎቶ ላይ እየተደባለቀ አስቸግሯቸው። ለሰው ፊት ያልታሰበው ለቸኮሌት ታሰበ! የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አንድ ላይ የተቀመጡበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። እናንተ ከመወለዳችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ ማለት ነው። የቤታችሁን የድሮ ባለ ቀለም አልበም ስትገልጡ የአጎቶቻችሁ ፊት ለምን እንደከሰለ አሁን ገባችሁ?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ስክሪኑን ተመልከቱ። ምን ይታያችኋል? «ጥቁር» ያለው ማነው? ትክክል ነው። መሃል ላይ አንዲት የጧፍ ነበልባል፣ ከነበልባሏ በላይ የአገጭ ጠርዝ፣ ሌላው ድቅድቅ። ይህ አንዲት እናት የትንሣኤ ሌሊት የተነሱበት ፎቶ ነው። ያነሳው ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለ ስሙን አልጠራም፤ ሳቁ ይነግራችኋል። ልጁ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ካሜራውን ሮው ላይ አድርጎ ነው ያነሳው።

ሮው ማለት ሴንሰሩ፣ የካሜራው ብርሃን ተቀባይ፣ የቆጠረው ብርሃን ሳይነካ የተቀመጠበት ፋይል ነው። የዚህ ካሜራ ፋይል 14 ቢት ነው፤ ከጥቁር እስከ ነጭ 16,384 ደረጃዎች አሉት። ጄፔግ፣ የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ብቻ ነው ያለው። አሁን አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ መሆኑን አስታውሱና ይህን አዳምጡኝ። ከ16,384ቱ ግማሹ፣ 8,192ቱ፣ ለብሩሁ የመጨረሻ ስቶፕ ብቻ ይውላል። ቀጣዩ 4,096 ያገኛል፣ ከዚያ 2,048፣ ከዚያ 1,024። ወደ ጨለማው በወረድን ቁጥር ድርሻው በግማሽ በግማሽ እየተቆረሰ ይሄዳል። አራት ስቶፕ የጨለመ ፎቶ ያለ የሌለ ነገሩ በታችኞቹ 1,024 ደረጃዎች ውስጥ ተጨናንቋል። ድሃ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። የምንታደገው በዚህ ልዩነት ውስጥ ያለውን ነው።

እንሞክረው። ኤክስፖዠሩን ቀስ ብዬ ልጨምር። አንድ ስቶፕ፤ ነጠላው መጣ። ሁለት፤ አፍንጫቸው፣ ጉንጫቸው። ሦስት፤ ዓይናቸው። ወደ ነበልባሉ ነው የሚያዩት። አሁን ግንባራቸውን ተመልከቱ። ምን አለ? መስቀል! የመስቀል ንቅሳት። እኚህ እናት ግንባራቸው ላይ ተነቅሰዋል፤ ዘመኑ አደብዝዞት አረንጓዴ ጥላ መስሏል። ያነሳው ልጅ ራሱ በዚያ ሌሊት እንዳላየው ነግሮኛል። ፋይሉ ግን አይቶታል።

ይህን መስቀል ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ፊታቸው ሲወጣ ሌላው ምን ሆነ? ነበልባሉ ነጭ ጉድጓድ ሆነ። የነጠላው ጫፍ ነደደ። ከኋላ የነበረው ጨለማ ግራጫ ጭጋግ ለበሰ፤ ሌሊቱ ጠፋ። ፎቶውን አዳንን ወይስ ገደልን? ስለዚህ መልሼ ላውርደው። ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ተኩል ላይ ልተወው፤ ሃይላይቱን፣ ማለትም ብሩሁን ክፍል፣ ልቀንስ፣ ነበልባሉ ቅርጹን ያግኝ፤ ጥቁሩን እዚያው ጥቁር ልተወው። የቀረውን ብርሃን በማስክ፣ ማለትም የመረጥኩትን ቦታ ብቻ ለይቶ በሚያሠራኝ ከለላ፣ ፊታቸው ላይ ብቻ ልስጥ፤ ጠርዙ የለሰለሰ ማስክ፣ ብርሃኑ ከሚመጣበት ከታች በኩል በርታ ያለ፣ ወደ ፀጉራቸው ሲሄድ እየከሰመ የሚሄድ። ብርሃኑን ከጧፉ አቅጣጫ ካልሰጣችሁት፣ ያየው ሁሉ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ «አንድ ነገር አለው» ይላል።

ማስክ የኮምፒውተር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ በአንድ ስቱዲዮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሲጋራ ካርቶን ትንሽ ክብ ቆርጠው ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ አስረዋል። ማጉያው ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ሲለቅ ያችን ክብ ከፊቱ በላይ ያወዛውዟታል፤ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያንሳል፣ ወረቀቱ ሲታጠብ ፊቱ ፈክቶ ይወጣል። እጃቸው ለአፍታ አይቆምም ነበር፤ ከቆመ የክቡ ጠርዝ ይታተማላ። «ሥራህ ከታየ አልሠራህም» ይሉኝ ነበር። ቀይዋ አምፖል ሥር የቆመው ጎረምሳ በጊዜው አልገባውም።

ደግሞም ይህ የስቱዲዮ ሠራተኛ ብልሃት ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከሄርናንዴዝ መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ ሲያነሳ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ጥድፊያ ላይ ነው፣ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃን ድምቀት በቁጥር ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ አሰላና አንድ ጊዜ ብቻ አነሳ፤ ለሁለተኛ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመቃብር መስቀሎቹ ላይ ሄደ። ኔጋቲቩ፣ ብርሃኑ የተቀረጸበት ፊልም፣ ከታች በኩል ስስ ሆነ፤ መሬቱ በቂ ብርሃን አልደረሰውም። ምን አደረገ? በ1948 ኔጋቲቩን አውጥቶ የታችኛውን ክፍል ስሱን ምስል የሚያጠነክር ኬሚካል ውስጥ ነከረው። በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ በከፊል የጨለመ ፎቶ ነበር። ስለዚህ ፎቶ መታደግ ነውር ነው የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ይህን ንገሩት።

ወደ እናታችን ልመለስና ምስሉን ላጉላው። ይታያችኋል? ጉንጫቸው ላይ ብናኝ፤ ቀይ ነጥብ፣ ሰማያዊ ነጥብ፣ የረገፈ አሸዋ የመሰለ። ኖይዝ የምንለው። «ስላበራሁት መጣ» ይላል ብዙ ሰው። አይደለም። ሲነሳ ጀምሮ ነበረ፤ ጨለማው ሸፍኖት ነው። ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው በቅንጣት በቅንጣት ነው፤ በእኩል ተከፋፍሎም አያርፍም። አንድ ነጥብ ላይ በአማካይ 10,000 ቅንጣት ቢያርፍ መዋዠቁ 100 ያህል ነው፤ ከመቶ አንድ። ዓይን አያየውም። 100 ቅንጣት ብቻ ቢያርፍ መዋዠቁ 10 ነው፤ ከአሥር አንድ። ይህንን ዓይን ያየዋል። ያልመጣ ብርሃን በየትኛውም ፕሮግራም አይመጣም። ያልመጣ አይመጣም!

ሰማያዊ ነጥቦቹ ለምን በዙ? የጧፍ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ በጣም ጥቂት ነው፤ ወርቅማ የሆነውም ለዚህ ነው። ቀዩ ክፍል ጠግቦ ሰማያዊው ክፍል ተርቧል። እናንተ ደግሞ ነጠላው ንጹሕ ነጭ ይሁንልኝ ብላችሁ ዋይት ባላንሱን፣ የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ፣ ወደ ሰማያዊ ስትጎትቱ የምታባዙት ይህንኑ የተራበ ክፍል ነው። ተዉት። ጧፍ ወርቅማ ነው፤ በጧፍ ብርሃን የበራ ነጠላም ወርቅማ ነው። ሌሊቱን የነበረ ሰው ሁሉ ያየው እንደዚያ ነው። ምንም አልሆን ካላችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩትና ሰማያዊውን ክፍል ቀንሱት፤ ብናኙ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። በቀለም የሞተ ስንቱ ፎቶ በጥቁርና ነጭ ተነስቷል።

አሁን መስቀሉን እንፈልግ። የብናኝ መቀነሻውን ልክፈት። መጀመሪያ የቀለም ብናኙን፤ ይህን በነጻነት አጥፉት፣ ብዙ አይጎዳም። ቀጥሎ የብርሃን ብናኙ። 20... ጥሩ ነው። 40... ቆዳቸው ለሰለሰ። 80... ሽብሽባቸው ሁሉ ጠፋ፤ የልጅ ጉንጭ ሆነ። «ዋው» ያለው ሰው ግንባራቸውን ይመልከትልኝ። መስቀሉ የት ሄደ? የለም! ፕሮግራሙ የደበዘዘ ንቅሳትና ብናኝ አይለይም። ለእሱ ሁለቱም ደቃቅና ደካማ ምልክት ናቸው። እኚህ እናት ልጅ ሳሉ በመርፌ ተወግተው የተቀበሉትን መስቀል እኛ በአንድ ስላይደር፣ ወደ ጎን በምትሳብ አንዲት መስመር፣ ጠረግነው። ስለዚህ 20 ላይ ልመልሰው፤ ግንባራቸውንና ዓይናቸውን በማስክ ከዚህ ሥራ ላስወጣ። ብናኝ ቀረ? ይቅር። በሚታተምበት መጠን እዩት እንጂ አጉልታችሁ ጉንጭ ላይ አፍንጫችሁን ደፍታችሁ አትፍረዱ። ወረቀት ላይ ግማሹ አይታይም።

እስካሁን ያሳየሁት ሮው ላላችሁ ነው። ለሌላችሁስ? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት እህት የሟች አባቷን ፎቶ ይዛልኝ መጣች። የእህቷ መልስ ምሽት ላይ የተነሳ፣ በስልክ። አባቷ ሲስቁ የተነሱበት ፎቶ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ጨልሟል። ከፈትኩት፣ አበራሁት፤ ፊታቸው ቦታ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ወጣ። ከማን አገኘሽው አልኳት። ከወንድሟ። እሱስ? ከቤተሰብ ግሩፕ። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው። ቴሌግራም ላይ በፎቶነት የላካችሁት ምስል ይጨመቃል፤ እያንዳንዱ አውርዶ የሚልከው ሰው እንደገና ያስጨምቀዋል። አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን ጠጥተው፣ በረካው ላይ ውኃ ጨምረው ጨምረው ለእኔ አመጡልኝ። ቀለም አለው፣ ቡና የለውም። «መጀመሪያ ያነሳው ማነው?» አልኳት። ሁለት ቀን ስትደዋውል ቆየች። ያነሳችው ሪያድ የምትሠራ የአክስቷ ልጅ ሆነች፤ ስልኳ ላይ ዋናው አለ። በፎቶነት አትላኪው፣ በፋይልነት ላኪው አልናት። እንደዚያ ሲላክ ምንም ሳይነካ ይደርሳል። ዋናውም ጄፔግ ነው፤ ተአምር አልሠራም። ነገር ግን ሻዶውን፣ የጨለመውን ክፍል፣ ሳነሳው የአባቷ ዓይን ጥግ ላይ ያለው የሳቅ መስመር ነበረ። ያንን መስመር የትኛውም ኤዲቲንግ ከግሩፑ ፎቶ አያወጣውም ነበር።

እና ልጆቼ፣ ጨለማ ፎቶ ሲመጣላችሁ ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ዋናውን ፈልጉ። ይህ ብቻ ግማሽ ሥራ ነው።

የማይንቀሳቀስ ነገር ለምታነሱ፣ የግድግዳ ሥዕል፣ የብራና ገጽ፣ አንድ ነገር ላክል። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ላይ አቁሙና ያንኑ ምስል ደጋግማችሁ አንሱ፤ ከዚያ በኮምፒውተር አማካዩን አውጡ። አራት ምስል ብናኙን በግማሽ ይቀንሳል፤ 16 ምስል ወደ ሩብ ያወርደዋል። የስልኮቻችሁ የምሽት ዘዴ ስትነኩት «ሳትንቀሳቀስ ቆይ» የሚላችሁ ይህንኑ በድብቅ እየሠራ ነው። ብርሃን እንጂ ማታለል አይደለም፤ በተለያየ ጊዜ የተሰበሰበ ብርሃን ነው።

የድሮ ኔጋቲቭ ያላችሁ፤ ስስ ኔጋቲቭ በ16 ቢት ስካን አስደርጉ፣ ስካነሩ «አስተካክያለሁ» ብሎ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ፊልሙ መስታወት መስሎ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ። ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን (ሲልቨር) የሚቀሰቅስ ብርሃን እዚያ አልደረሰም፤ ከባዶ ፊልም ጥቁር እንጂ ሌላ አይወጣም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። አጭር ነው፤ እኔ የመጣሁት ግን ለእሱ ነው።

ጨለማ ውስጥ የነበረ ፊት ስታወጡ ስላይደሩ የት ላይ እንደሚቆም ማን ይነግራችኋል? ኮምፒውተሩ? እሱ አያውቃቸውም። በከተማችን አንድ የተለመደ ነገር አለ። ሙሽራዋ ጠይም ሆና ስቱዲዮ ትገባለች፣ ቀይ ሆና ከአልበሙ ትወጣለች። እናቷ አልበሙን ተቀብለው «ውይ ስታምር!» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ገጽ ይገልጣሉ፤ ልጃቸውን እየፈለጉ። «ደንበኛው ነው የሚጠይቀን» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይጠይቃል። አንዲት ሙሽራ «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» አለችኝ፤ አያቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሁለት ፎቶ አተምኩ። አንዱ እንዳለችው የቀላ። ሁለተኛው ፊቷ ከጥላ የወጣ፣ መልኳ ግን የራሷ የሆነ። ምንም ሳልናገር ለአያቷ ሰጠኋቸው። ሁለተኛውን ደረታቸው ላይ ያዙና የመጀመሪያውን እያዩ «ይቺ የእኔ ናት፤ ያቺኛዋ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ሙሽራዋ ግን ያስታተመችው የመጀመሪያውን ነው። ገንዘቡ የእሷ ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ሁለተኛውን አያቷ ይዘውት ሄዱ።

እንግዲህ ፊት ሳናነጣ እንዴት እናውጣ? ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ጥቁር ፊት ቅርጹን የሚያሳያችሁ በጥላው ሳይሆን በነጸብራቁ ነው። ጉንጭ አጥንት ላይ ያለችው ብልጭታ፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር፣ የቅንድብ አጥንት። ስለዚህ ሻዶውን ሁሉ አንስታችሁ ፊቱን አመድ ከማስመሰል፣ ጨለማውን ጨለማ ትታችሁ ነጸብራቁን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፊቱ ብድግ ይላል፤ መልኩም አይነካም። እመኑኝ አልልም፤ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ማመሳከሪያም አታጡም። የሰውየው አንገትና እጅ እዚያው ፎቶው ውስጥ አሉ። ፊቱ ከእጁ በሁለት ስቶፕ በርቶ ካገኛችሁት የአንዱን ሰው አንገት ላይ የሌላውን ራስ ሰክታችኋል። በዚያው ቀን በር ላይ በጥላ ብርሃን የተነሳ ሌላ ፎቶ ካለም አጠገቡ ክፈቱት።

ማጨለምም የዚያኑ ያህል ይናገራል። በ1994 ታይም መጽሔት በነፍስ ግድያ የተጠረጠረውን የታዋቂውን ጥቁር አሜሪካዊ ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን የፖሊስ ጣቢያ ፎቶ አጨልሞ ሽፋኑ ላይ አወጣ። ሌላው መጽሔት ኒውስዊክ በዚያው ሳምንት ያንኑ ፎቶ ሳያጨልም አወጣ። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አገር ተንጫጫ፤ ታይም ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። ሰውየው ላይ ገና ፍርድ ቤት አልፈረደም፤ አንድ ስላይደር ግን ፈርዶበታል። እንግዲህ እኛ በየሰርጉ የምንፈርደው ስንት ነው?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳልናገር ብወርድ ትጣሉኛላችሁ። ሁለት ዓይነቱን ለዩ። አንዱ ፋይሉ ውስጥ ካለው ተነስቶ ብናኙን የሚለይ ነው፤ ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በ2023 ያስገባው ዓይነት። በሮው ላይ ጎበዝ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ መስቀሉን እየጠበቅሁ። ሌላው ፊት የሚፈጥር ነው። የጨለመውንና የደበዘዘውን ፎቶ ስትሰጡት ሽፋሽፍት ድረስ የጠራ ዓይን ይሰጣችኋል። የማን ዓይን? ካያቸው ብዙ ሺህ ፊቶች የተቀመመ ዓይን። ያቺ እህት የግሩፑን ፎቶ ለዚህ ብትሰጠው ኖሮ የሚስቅ ሰው ይሰጣት ነበር፤ አባቷን ግን አይሰጣትም። ለማስታወቂያ ሥራ እንደፈለጋችሁ። ለሟች ፎቶ፣ ለዜና ፎቶ፣ ለታሪክ ፎቶ አይሆንም። አይሆንም! ጨለማው ከበዛ ጨለማውን አትማችሁ ስጡ።

«ፕሮግራም መግዣ የለንም» የሚል ወረቀት ከፊት ወንበር ደርሶኛል። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ነጻ ናቸው፤ ዛሬ ያሳየኋችሁን በሙሉ ይሠራሉ፣ ማስኩንም ጭምር። መጀመሪያ ያስቸግራሉ፣ ታገሡ። ጂምፕም ነጻ ነው። በስልክ ለምትሠሩ ስናፕሲድ አለ፤ ሮውም ይከፍታል። ስልካችሁ ካሜራው ላይ «ፕሮ» የሚል ካለው ሮው የሚያስቀምጥ መሆኑን ዛሬውኑ እዩ።

በሉ እንግዲህ መብራቱን መልሱልን። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አዳራሹ የእኛ ነው። ሮው ያመጣችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ፣ ኔጋቲቭ ያመጣችሁ መስኮቱ አጠገብ፤ በጣታችሁ ፊልሙን እንዳትነኩት። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ የያዘ ሰው ግን ከመሰለፉ በፊት ወጣ ብሎ ላነሳው ሰው ይደውል።